ለልጄ፦ ስለ ንግሥቲቱና ስለ ስልኩ

ጎንደር፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጥምቀትን ያለ አንቺ አሳለፍነው። ከጥምቀተ ባሕሩ ስንመለስ እናትሽ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «የቼዝ ውድድር ይዟት ነው» እያለች ስታስረዳ ዋለች። በመቅረትሽ አልተቀየምንም። የተቀየምኩት በሌላ ነው።

አሰልጣኝሽ ትናንት ደወሉልኝ። ጨዋታ ባለቀ ቁጥር እጅሽ የሚሮጠው ወደ ስልክሽ ነው፤ ቦርድ ላይ መልሰሽ ማየት ትተሻል አሉኝ። ይህ የዘመኑ ልጅ ሁሉ አመል ነው ብዬ ላልፈው ነበር። ቀጥለው የነገሩኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በሦስተኛው ዙር፣ 19ኛው እርምጃ ላይ፣ ንግሥትሽን ለአንድ ሩክና ለአንድ ፈረስ ልትሰጪ አስበሽ ፈርተሽ ተውሽው። ማታ ስልኩ ላይ ያለውን የቼዝ ማሽን ብትጠይቂው −1.8 አለሽ፤ ሁለት ወታደር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጉድለት ማለቱ ነው። አንቺም ደብተርሽ ላይ ሐሳቡን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘሽ «ደደብ» ብለሽ ጻፍሽበት። ማንን ነው ደደብ ያልሽው?

ስሚኝ ልጄ። የመጀመሪያውን ቁጥር አትመኚ።

አሰልጣኝሽ አቀማመጡን ላኩልኝና ቤት ባለው ኮምፒውተር አስገባሁት። በ15 ሰከንድ ውስጥ እንደ ስልክሽ −1.8 አለ። እንደበራ ትቼው እራት በላን፣ ዜና ሰማን። ከ40 ደቂቃ በኋላ ስመለስ ጉድለቱ ወደ −0.4 ቀንሶ ጠበቀኝ። አያሸንፍም፤ እውነቱን ልንገርሽ። ግን ለባላጋራሽ 10 ደቂቃ ብቻ ቀርቶት ከነበረ እኔ ሳላመነታ የምጫወተው ነው። ደደብ የሚባል ነገር የለበትም። ያንን ገጽ እንዳትቀጂው፤ ስትመጪ ማየት እፈልጋለሁ።

ንግሥት መስጠት ሁሉ አንድ አይደለም። ሒሳቡ የሚዘጋ አለ። ኤድዋርድ ላስከር እ.ኤ.አ. በ1912 ለንደን ላይ ከጆርጅ ቶማስ ጋር ሲጫወት በ11ኛው እርምጃ ንግሥቱን ኤች7 በሚባለው አደባባይ ላይ ጣላት። የጥቁርን ንጉሥ ከጂ8 አንስቶ በቼክ በቼክ እየጎተተ ጂ1 ድረስ አወረደውና በ18ኛው የራሱን ንጉሥ ወደ ዲ2 ፈቀቅ አድርጎ ማት አለው። ውብ ነው፤ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁሉም ቼክ ስለሆነ ስልክሽ ዓይን ሳይርገበገብ ያገኘዋል። በእንዲህ ዓይነቱ ላይ ከማሽን ጋር አትከራከሪ፣ ትሸነፊያለሽ። አብዛኛውን ጊዜም ስልኩ «አይሆንም» ካለሽ አይሆንም። እኔ የምነግርሽ ስለ ሌላው ዓይነት ነው፤ መጨረሻው ላይ ድምሩ ስለማይታየው።

ቦርዱን ዘርጊ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪው።

የሩሲያዋ ሮስቶቭ፣ እ.ኤ.አ. 1962። ነጭ ራሺድ ኔዥሜትዲኖቭ ነው፣ የካዛኑ ሰው፤ የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ታልን ሳይቀር ያሸነፈ፣ የግራንድማስተርነት ማዕረግ ግን ሳያገኝ የሞተ። ጥቁር ኦሌግ ቼርኒኮቭ። መክፈቻው አንቺ በጥቁር የምትጫወቺው ያው የተፋጠነው ድራጎን ነው። በ11ኛው እርምጃ ጥቁር ቢሾፑን ከጂ7 ወደ ኤፍ6 አውጥቶ ኤች4 ላይ የቆመችውን ንግሥት ነካ። ይህ ወደ አቻ የሚወስድ መንገድ ነበር፤ ንግሥቲቱ ወደ ኤች6፣ ቢሾፑ ወደ ጂ7፣ ንግሥቲቱ ወደ ኤች4፣ ቢሾፑ ወደ ኤፍ6፣ እንዲህ ተመላልሰው ተጨባብጠው መነሳት ነው።

ኔዥሜትዲኖቭ ግን በ12ኛው በንግሥቱ ኤፍ6 ላይ ያለውን ቢሾፕ በላ። ጥቁር በፈረሱ ኢ2 ላይ ቼክ አለ፣ የነጭ ፈረስ በላው፣ ቀጥሎ የኢ7 ወታደር ንግሥቲቱን በላ። ቁጠሪ፦ 9 የምትቆጠረውን ንግሥት ሰጠ፣ 3 እና 3 የሚቆጠሩትን ቢሾፕና ፈረስ ተቀበለ። 3 ነጥብ ጎድሎበታል። ቼክ የለም፣ የማት ሽታ የለም፣ ነገ የሚመለስ ጠጠር የለም። እዚህ ላይ ነው 15 ሰከንድ የሰጠሽው ማሽን ጥቁርን ሊወድ የሚችለው።

አሁን ቀዳዳዎቹን እዪ። የጥቁሩ ተጫዋች በጥቁር አደባባዮች የሚሄደው ቢሾፕ ሞቷል፤ ስለዚህ ኤፍ6፣ ጂ7፣ ኤች6 ዘበኛ የላቸውም። የኢ7 ወታደር ወደ ኤፍ መስመር ስለሄደና የሲው ወታደር ቀድሞ ስለተለወጠ፣ ዲ5 ላይ የሚቀመጥ ፈረስን እስከ ዕለተ ምጽአት የሚያባርር ወታደር የለም። የጥቁር ንግሥት ኤ5 ላይ ከዳር ቆማ የምትበላውም የምታስፈራራውም የላትም። ነጭ ደግሞ አልቸኮለም። ፈረሱን በሲ3 በኩል ዲ5 አደረሰ፣ ቢሾፑን ዲ4 አስቀመጠ። ጥቁር ኤፍ6ን ለመጠበቅ ሩኩን ኢ6 ላይ፣ ንጉሡን ጂ7 ላይ ማሰር ግድ ሆነበት። ከዚያ ያ ከኤ1 ያልተነቃነቀ ሩክ ጉዞ ጀመረ፤ ዲ1፣ ዲ3፣ ኤፍ3። ይህን ሩክ በጣትሽ እየገፋሽ ሂጂበት። ሦስት እርምጃ፣ አንዱም ቼክ አይደለም፣ አንዱም የሚበላው ነገር የለም። ፈረስ፣ ቢሾፕ፣ ሩክ ሦስቱም ኤፍ6 ላይ አነጣጠሩ። በ21ኛው ፈረሱ ኤፍ6ን በላ፣ በ22ኛው ኤች7ን በልቶ ከኋላው ያለውን የቢሾፕ ቼክ ከፈተ። በ28ኛው ቢሾፕ ኤፍ7 ላይ፣ በ29ኛው ሩክ ኤች8 ላይ ተሰዉ፣ በ30ኛው ፈረሱ ኤፍ7 ላይ ንጉሡንና ንግሥቲቱን በአንዴ መታቸው፣ ሹካ አደረጋቸው። በ33ኛው ቼርኒኮቭ እጁን ሰጠ።

በ12ኛው የሰጣትን በ31ኛው መለሳት። በመሐል 19 እርምጃ አለ፤ የጥቁርን መልስ ስትጨምሪበት 38። ኔዥሜትዲኖቭ ያንን ሁሉ ቆጥሮ አልነበረም፤ ማንም ሊቆጥረው አይችልም። ያየው ያንን ዲ5 እና ያንን ኤፍ6 ነው።

ማሽኑ ለምን ያመልጠዋል ካልሽ፣ ስንፍና አይደለም፣ ቁጠባ ነው። የእርምጃው ዛፍ ስለሚበዛበት፣ ቼክ ያልሆኑትንና ምንም የማይበሉትን ጸጥ ያሉ እርምጃዎች በዝርዝሩ ግርጌ ያስቀምጣቸውና ቀነስ ባለ ጥልቀት ብቻ ገረፍ አድርጎ ያልፋቸዋል። እንዲህ ያለው የንግሥት መስዋዕት ደግሞ የሚኖረው በጸጥተኛ እርምጃ ነው። መጀመሪያ 3 ጎድሎ ያያል፣ ከዚያ ሩክ ዲ3 የምትለዋን ገረፍ ያደርጋታል፣ በዚያው ይዘጋዋል። የድሮዎቹ ጠጠር ቆጣሪዎች ስለነበሩ ይባስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ስቶክፊሽ የሚባለው የቼዝ ማሽን በነርቭ መረብ መመዘን ከጀመረ በኋላ ቀዳዳን እንደ ሰው ማየት ለምዷል፤ ጊዜ ከሰጠሽው ብዙውን ያገኛል። ጊዜ ካልሰጠሽው ግን ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ እደግመዋለሁ፦ የመጀመሪያውን ቁጥር አትመኚ።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ያንን የነጩ ንግሥት የጠፋችበትን ቦርዳችንን ታስታውሻለሽ፤ በዳሸን ቆርኪ የተካናት። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሽ አንድ ማታ ቆርኪውን ወደ መሐል ገፍተሽ ሩክ ስትበዪበት፣ እጅሽ ገና ከቦርዱ ሳይነሳ «ቆይ ስልኩ ምን ይላል?» ያልኩት እኔ ነኝ። «ለምን?» ማለት ነበረብኝ። ፊትሽ ሲለወጥ አይቻለሁ። ስልኩም ስህተት ነው አለ፣ ልክም ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲህ ቆርኪውን ስትሰጪ አላየሁሽም። አያትሽ በሚጫወቱት ሰንጠረዥ፣ በድሮው የአገራችን ቼዝ ላይ እንዲህ ያለ ጭንቀት አልነበረም፤ ያቺ ፈርዝ የሚሏት በሰያፍ አንድ አደባባይ ብቻ የምትራመድ ነበረችና ብትሞት ብዙ አያለቅሱላትም።

ጋቢሽን ሌሊት ደርቢ። የአዲስ አበባ ብርድ አጥንት ይገባል።

አሁን እንዴት እንደምትመረምሪ። መጀመሪያ 20 ደቂቃ ቦርድ ላይ ብቻሽን። ንግሥቲቱን ከሰጠሽ በኋላ ባላጋራሽ የሚመልሳቸውን ሦስት እርምጃዎች በወረቀት ጻፊ፤ ሦስት ካልመጡልሽ አቀማመጡን ገና አላየሽውም። ከዚያ ወደ አሰልጣኝሽ ኮምፒውተር፤ ስልክ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ያዘገያል። ስቶክፊሽ ሲጫን ማስታወሻው፣ ሃሽ የሚሉት፣ 16 ሜጋባይት ላይ ነው የሚመጣው፤ ለረጅም ምርመራ አይበቃም፣ 512 አድርጊው። የሚያሳይሽን የጨዋታ መስመር ከአንድ ወደ ሦስት ከፍ አድርጊ፤ አንድ መስመር ብቻ ካሳየሽ የአንቺን ሐሳብ ስሙንም አያነሳው። መስዋዕቱን በእጅሽ ተጫወቺና ከዚያ በኋላ ያለውን አቀማመጥ አሳዪው። ሲያጉረመርም አትመለሺ፣ አምስት ስድስት እርምጃ ወደ ፊት ግፊው፣ እዚያ 5 ደቂቃ ያስብ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተመለሺ። ወደ ፊት ያየውን ስለሚያስታውስ ቁጥሩ በየእርምጃው ሲለወጥ ታያለሽ። ተመልሰሽም ካልተለወጠ፣ እንግዲያው ያኔ እመኚው። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት ማስታወሻውን ሳያሳድጉ ይህን ሲያደርጉ ነው፤ ወደ ፊት ያየው ሁሉ ተሰርዞ መጀመሪያ ያለውን ቁጥር መልሶ ይሰጣቸውና «አላልኩሽም?» ያለ ይመስላል።

ቁጥሩ በተቃራኒው የሚዋሽበትም አለ። ይህንን ልብ በዪ፣ ነጥብ ያድንሻል። የተሸነፍሽ ሲመስልሽ ንግሥትሽን ለሩክ ሰጥተሽ ግድግዳ መሥራት ትችያለሽ። ነጭ ንጉሥ ጂ2፣ ወታደር ኤፍ2፣ ሩክ ኢ3። ጥቁር ንጉሥና ንግሥት። ሩኳ ከኢ3 ወደ ጂ3፣ ከጂ3 ወደ ኢ3 ትመላለስ፤ በሁለቱም ቦታ ወታደሩ ይጠብቃታል፣ በሁለቱም ቦታ 3ኛውን ረድፍ ትዘጋለች። የጥቁር ንጉሥ ያንን ረድፍ መሻገር አይችልም፣ ንግሥት ብቻዋን ደግሞ ማት አታደርግም። አቻ ነው። ቦርዱ ላይ 7 ጠጠር ወይም ከዚያ በታች ከሆነና የመጨረሻ ጨዋታ ሠንጠረዡ፣ የጥቂት ጠጠሮች አቀማመጥ ሁሉ አስቀድሞ የተሰላበት መዝገብ፣ ካለው ማሽኑም ያውቀዋል። በሁለቱም ወገን የተቆላለፉ ወታደሮች ሲጨመሩበት ግን ለጥቁር 4 ነጥብ፣ 5 ነጥብ እያለ ይቀመጣል። ምልክቱ ይኸውልሽ፦ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ 20 እርምጃ ሙሉ ካልጨመረ ግድግዳ አለ። ሩኳን ከወታደሩ ጥበቃ እንዳታወጪያት ብቻ፤ ሁሉም የሚሸነፈው «ቼክ ልበል» ብሎ ሲያወጣት ነው።

ኔዥሜትዲኖቭ ሶቺ ላይ ከፖሉጋየቭስኪ ጋር ስላደረገው ጨዋታ በሰፊው ልጽፍልሽ ነበር፤ መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ። እ.ኤ.አ. 1958፣ እዚያ ደግሞ ጥቁሩ ኔዥሜትዲኖቭ ነው። 24ኛውን ራስሽ ፈልጊው፤ ሩኩ ኤፍ4 ላይ አንድ ወታደር በልቶ ንግሥቲቱን ለሞት ትቷታል። ልብ የምትዪው ግን 26ኛውን ነው። የነጭ ንጉሥ ዲ4 ላይ እርቃኑን ቆሞ እያለ፣ ሰው ሁሉ ቼክ በሚልበት ሰዓት፣ ቢሾፑን ዝም ብሎ ከኤች6 ወደ ጂ7 መለሰው። ንጉሡ ኤ5 ድረስ ተጉዞ እዚያ ተያዘ።

ለምርመራ ይሁን ለሌላ፣ ስልክሽን ወደ ውድድር አዳራሽ ይዘሽ እንዳትገቢ። ኪስሽ ውስጥ ቢገኝ ጨዋታሽን ያስነጥቅሻል፣ ስምሽንም ያነሳሉ። ለአሰልጣኝሽ ስጫቸው።

ዳቦ ቆሎና በርበሬ በእሑዱ አውቶቡስ ይደርስሻል፤ በርበሬው የታሰረበትን ፌስታል ቶሎ ፍቺው፣ እንዳይታፈን። 1,500 ብር በቴሌብር ልኬያለሁ፣ ለመጫወቻ ሰዓት ባትሪ እንጂ ለዳታ አይደለም።

አንድ ሥራ ልስጥሽ። የሮስቶቩ ጨዋታ፣ 14ኛው እርምጃ ላይ ነጭ ፈረሱን ሲ3 ከመለሰ በኋላ። ቼርኒኮቭ ሩኩን ኢ8 አደረገ። በሩኩ ፈንታ የዲ7ን ወታደር በአንዴ ወደ ዲ5 ቢወረውረውስ? ፈረሱ ቢበላው ምን ይሆናል፣ ቢሾፑ ቢበላው ምን ይሆናል? ግማሽ ሰዓት ስጪው፣ በእጅሽ ጽፈሽ የወረቀቱን ፎቶ ላኪልኝ። የመጀመሪያውን ቁጥር እንዳትልኪልኝ፤ አውቀዋለሁ። ቦርዱን እዚህ ሳሎን ዘርግቼዋለሁ፣ ቆርኪው ከዳር ተቀምጧል። እናትሽ ለቡና ጠረጴዛውን እየፈለገችው ነው፤ እስከ ቅዳሜ አስታግሳታለሁ።

አባትሽ