በጣና ዳር ትናንሽ ሳህኖች ይቅረቡልን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ወር በአንድ ረቡዕ፣ ከጎንደር ሊጠይቁን የመጡትን የወንድሜን ቤተሰቦች ይዤ በባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ከሚገኙት ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቼ ነበር። 9 ነበርን። ሁለቱ ገና ለጾም ያልደረሱ ሕፃናት ናቸው፤ ወንድሜ፣ 2 ጎረምሳ ልጆቹና እኔ በጾም ዓሣ እንበላለን፤ አማቴ፣ ባለቤቴና የወንድሜ ሚስት ግን በጾም ቀን ዓሣ በአፋቸው አይዞርም። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ ይቆይ፤ በእኛ ቤት እንኳ እስካሁን አልተቋጨም።)

አስተናጋጁ ትሑት ልጅ ነበር። ዓሣው በሙሉ እንጂ በቁራጭ እንደማይሸጥ፣ የጾም በያይነቱም ለብቻው በትልቅ ትሪ እንደሚመጣ ከነገረን በኋላ ጠረጴዛውን በዓይኑ ለካና «ሁለት ትሪ አይችልም፤ የጾሙን የሚበሉት እዚያ ማዶ ቢቀመጡ ይሻላል» አለን። ስለዚህ ሴቶቹ ተነሥተው 10 እርምጃ ያህል ርቀው ከዛፉ ሥር ተቀመጡ፤ ወራት ሙሉ ሳይተያዩ የቆዩ ዘመዳሞች ጀርባና ጀርባ ሆነን በላን። በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል የምትመላለሰው ትንሿ የወንድሜ ልጅ ብቻ ነበረች። አማቴ ያጎረሷትን ሽሮ እያላመጠች ወደኛ ትሮጣለች፤ ከእኛ ዘንድ ያገኘችውን የዓሣ ቁራጭ ይዛ ደግሞ እሳቸውን ልታጎርስ ትመለሳለች፤ እሳቸውም «ለእኔ አይሆንም፣ የኔ እናት» እያሉ እጇን ይመልሳሉ።

ይህን እንደ ትልቅ በደል ቆጥሬ አልጻፍሁም። ከአንድ ዓመት በፊት እኚሁ አማቴ፣ በጾም ቀን፣ ከአገራቸው እጅግ ርቀው፣ የአንዱን ምግብ ስም እንኳ በማያውቁበት ቤት ከሁላችንም ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሲበሉ ባላይ ኖሮ ነገሩን እንደ ልማድ ወስጄ በተውሁት ነበር።

በቻይና በጓንዡ ከተማ በንግድ የሚተዳደር የባለቤቴ ወንድም አለ፤ እሱን ልንጠይቅ ቤተሰቡ በሙሉ ሄደን ነበር። ጓንዡ የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት፤ ዲም ሳም የሚባለው አበላልም የእሷና የጎረቤቷ የሆንግ ኮንግ መታወቂያ ነው። ቃሉ እንደ አጻጻፉ ሲፈታ «ልብን መንካት» እንደ ማለት ነው፤ ሆድ ከመሙላት ይልቅ ልብን የሚያጫውት፣ እኛ አፍ ማሟሻ የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። የአገሩ ሰዎች ግን «ልንበላ እንሂድ» አይሉም፤ «ሻይ ልንጠጣ እንሂድ» ነው የሚሉት።

ቀኑ ዓርብ ነበር። በእነሱ ዘንድ 7 ሰዓት ቀን ሲሆን በእኛ አገር ገና ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነውና፣ ልጆቹ «እማማ፣ ጾሙ በየትኛው ሰዓት ነው የሚፈታው?» እያሉ አያታቸውን ማስቸገር ጀመሩ፤ እሳቸውም «ጾም በፀሐይ እንጂ በእጅ ሰዓት አይቆጠርም» ብለው ጨዋታውን ዘጉት። የተቀመጥንበት ክብ ጠረጴዛ በመካከሉ የሚሽከረከር መስታወት ነበረው። ምግቡ የሚመጣው ከቀርከሃ በተሠሩ፣ ክዳን ባላቸው፣ የእኛን ሙዳይ በሚመስሉ ትናንሽ ክብ ማብሰያዎች ሲሆን በእያንዳንዱ ውስጥ 3 ወይም 4 ፍሬ ብቻ ይኖራል። መጀመሪያ የተከፈተው ሃር ጋው የሚሉት ነበር፤ ሊጡ ከመሳሳቱ የተነሣ በውስጡ ያለው ሮዝ ሽሪምፕ ወለል ብሎ ይታያል። አማቴ ልጆቹ እጃቸውን ሳይሰዱ ቀድመው «ይኸ ነገር ቅርፊት አለው?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸው የለውም አላቸው። «እንግዲያው የአምባዛ ዘመድ ነው» አሉና መስታወቱን በአንድ ጣታቸው ገፍተው ሙዳዩን ወደ ልጃቸው መለሱት። በጣና ዳር ተወልደው ያረጁ ሴት ናቸው፤ ቅርፊት የለውም ብለው አምባዛ ቀምሰው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሆነኝ። የአሳማ ሥጋ ያለበትን ሁሉ የባለቤቴ ወንድም አስቀድሞ ከዝርዝሩ ስላስወጣው ለልጆቹ በእንፋሎት የበሰለ የበሬ ሥጋ ድብልብል መጣላቸው። የዶሮ እግርም መጣ፤ እኛ ዶሮዋን 12 ብልት አውጥተን እግሯን የምንጥል ሰዎች፣ እዚያ «የፎኒክስ ጥፍር» ተብሎ በክብር ሲቀርብ አየን። ለአማቴ ደግሞ ልጃቸው ስብም ሆነ የባሕር ነገር እንዳይነካው አስተናጋጇን ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆ ቅጠላ ቅጠልና ከሩዝ ሊጥ የተሠራ ባዶ ስስ ጥቅልል ከሶያ ሶስ ጋር አስመጣላቸው። ጥቅልሉን በጣታቸው ዳበሱና «ያልቦካ እንጀራ ነው እኮ» ብለው በሉት። ማንም ከቦታው አልተነሣም። መስታወቱ ሲዞር የጾሙም የፍስኩም በሁሉም ፊት ያልፋል፤ ሁሉም የራሱን ያነሣል፤ የሚቀዳው ሻይ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ሻዩ መጀመሪያ ለታላላቆች ይቀዳል፤ የተቀዳለትም ሰው በሁለት ጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ ያመሰግናል፤ ሻዩ ሲያልቅ የጀበናው ክዳን ገርበብ ተደርጎ ከተቀመጠ ውኃ ተጨምሮበት ይመለሳል። ከ2 ሰዓት በላይ ተቀመጥን። በመጨረሻ በሒሳቡ ላይ እኔና የባለቤቴ ወንድም «ሞቼ እገኛለሁ» እየተባባልን ስንጓተት፣ ከጎናችን ያሉ ሁለት ሽማግሌ ቻይናውያንም በራሳቸው ወረቀት ላይ እንዲሁ ይጓተቱ ነበር።

«በአንድ ገበታ መብላትን ከቻይና ልንማር ነውን?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም በአንድ ትሪ አድጌ ልጆቼን በአንድ ትሪ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ትሪ የሚያስማማው የሚበሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ሲበሉ ነው። ወጡ እንጀራው ላይ ከወጣ በኋላ ይዋሰናል፤ የዓሣው ዘይት ወደ ጎመኑ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ጿሚው ወይ ይተወዋል ወይ ከማዕዱ ይነሣል። ዲም ሳም ላይ የሚለያየው ዕቃው ነው፤ ሰዎቹ አይለያዩም።

ስለዚህ በሐይቁ ዳር ለሚሠሩ ባለ ምግብ ቤቶች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ዓሣ ዱለቱና ዓሣ ጉላሹ እያንዳንዱ በትንሽ የሸክላ ጣባ ይቅረብ፤ እንጀራው ተጠቅልሎ ለብቻው ይምጣ፤ ዓሣ ጥብሱም ሙሉ ዓሣ ለማይጨርስ ሰው በቁራጭ ይሸጥ። ትርፉ ለጿሚዎች ብቻ አይሆንም። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ዛሬ አንድ ቆሮሶ ተጠብሶለት ከዳጣ ጋር በልቶ ይሄዳል፤ ቁራጩ በጣባ ቢቀርብለት ግን ቆሮሶውንም፣ አምባዛውንም፣ ነጭ ዓሣውንም በአንድ መቀመጫ ቀምሶ የትኛው እንደሚጥም ራሱ ይፈርዳል። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከጣና በቀር በሌላ ሐይቅ እንደማይገኙ ለእንግዳ ነግሮ አንዱን እንኳ አለማቅመስ ያስተዛዝባል።

የባለቤቶቹ ሥጋት ይገባኛል፤ የሚታጠበው ዕቃ ይበዛል፤ ጥቂት አዝዞ ጠረጴዛ ይዞ የሚውልም አይጠፋም። ጓንዡዎች ለዚህ መላ አላቸው። ሒሳቡ እንደ ሙዳዩ ደረጃ፣ አነስተኛ፣ መካከለኛና ትልቅ እየተባለ ይደመራል፤ ከዚያ ላይ ሻዩ በነፍስ ወከፍ ይከፈላል፤ አንድ ሙዳይ ብቻ አዝዞ የተቀመጠ ሰውም የመቀመጫውን በሻዩ ይከፍላል ማለት ነው። እኛ ዘንድ የዘጌ ቡና እያለ ይህን ለማድረግ አይቸግርም፤ ሦስት ዙር ቡና የሚጠጣ ዘመድ መቼም ከ2 ሰዓት በፊት አይነሣም። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ጠረጴዛው ነው፤ አሁን ያሉት አንድ ትሪ ብቻ የሚችሉ ናቸው።

የወንድሜ ቤተሰቦች በታኅሣሥ ተመልሰው ይመጣሉ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ያን ጊዜም ገበታችን ሁለት ዓይነት ነው። ከባለ ምግብ ቤቶቹ አንዱ እንኳ እስከዚያ ድረስ ሰፊ ጠረጴዛ አዘጋጅቶ፣ ሽሮና ጎመኑን በየጣባው ቢያቀርብልን 9ኛችንም እንመጣለን፤ ቡናውንም በነፍስ ወከፍ እንከፍላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር