አባዬ፣ በስልክ "ሽጠው" ያልኩህን እርሳው

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው፣ የእማዬስ ሳል ተሻላት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፣ ልጆቹም ደህና ናቸው። ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ጻፈች እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ሳወራህ ሁሌ እየሮጥኩ ነው፣ ባለፈው የተበላሸውም በዛው ምክንያት ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ብዬ ነው። ወንድሜ አትሞ ያመጣልሃል፣ ፊደሉን ተለቅ አድርገው ብዬዋለሁ።

ማክሰኞ ስትደውልልኝ ስብሰባ ልገባ በር ላይ ነበርኩ። ፒያሳ አካባቢ ካፌ የሚከፍት ልጅ መጥቶ ስንት ዓመት የሰበሰብከውን የስፖርት ጋዜጣውንም ፎቶውንም ማልያውንም አንድ ላይ ልግዛህ፣ ግድግዳ ላይ አደርገዋለሁ እንዳለህ ነገርከኝና "ምን ትያለሽ?" አልከኝ። እኔም ሳላስብ "ሽጠው አባዬ፣ ቤቱም ሰፋ ይላል፣ አንተም ታርፋለህ" አልኩህ። "እሺ ልጄ" ብለህ ዘጋኸው። ስብሰባው ላይ ቁጭ ብዬ ያ "እሺ ልጄ" ያልክበት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ፣ ምክንያቱም አንተ ስትስማማ እንደዛ አትልም፣ ስትስማማ ትከራከራለህ። ማታ ወንድሜ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ፣ አራቱ ካርቶን በሲባጎ ታስሮ በሩ ጋ ተደርድሯል። በቃ እዛ ላይ ነው አንጀቴ የተላወሰው።

አባዬ እኔ ተሳስቻለሁ። ልጁ ገና ገንዘብ ካልከፈለህ እባክህ አትሽጠው።

ለምን እንደምልህ ልንገርህ። ሰው ያንተን ዕቃ ሲያይ ያረጀ ጋዜጣና የታጠፈ ማልያ ነው የሚታየው፣ እኔም ስንት ዓመት እንደዛ ነው ያየሁት። ግን አንተ አንድም ቀን ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ደርድረኸው አታውቅም እኮ። ቀኑ ሲደርስ ነው ከካርቶን የምታወጣው፣ በዓሉ ሲያልፍ ትመልሰዋለህ። ልጆች ሆነን ቤታችን ውስጥ በዓል መምጣቱን የምናውቀው በዶሮ ወይም በቄጤማ ሳይሆን አንተ ወንበር ላይ ቆመህ ሚስማር በጥርስህ ይዘህ ስናይህ ነበር።

የእንቁጣጣሹ አይረሳኝም። ጳጉሜ 5 ማታ የአበበ ቢቂላን ፎቶ ታወጣለህ፣ እማዬ አደይ አበባውን በጣሳ ታስቀምጥልሃለች፣ ከዛ ችቦው ሳይለኮስ በፊት ያቺን ታሪክ ትነግረናለህ፣ በየዓመቱ ያቺኑ። አበበ ሮም ላይ ማራቶኑን አሸንፎ የገባው 1952 ዓ.ም ጳጉሜ 5 ማታ ነው፣ በነጋታው 1953 እንቁጣጣሽ ነው። ሩጫው አመሻሽ ላይ ተጀምሮ ጨለማ ስለያዘው የሮም መንገድ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። "እኛ እዚህ ደሴ ጦሳ ተራራ ስር ለእንቁጣጣሽ ችቦ ስናበራ እዛ ደግሞ ለአበበ ችቦ ይበራ ነበር" ትል ነበር፣ ያኔ ትንሽ ልጅ ብትሆንም አያቴ ሲያወሩ እየሰማህ ስላደግክ እዛው የነበርክ ነው የሚመስለው። በባዶ እግሩ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ ከአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ። እኔና ወንድሜ በከሰል 11 ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈን ደረታችን ላይ በስፒል አድርገን ችቦውን እንዞር ነበር። የአበበ ቁጥር 11 መሆኑን ከሱ ስም እኩል ነው ያወቅነው። አሁን ልጄ ትምህርት ቤት ስለ አበበ ተምሮ መጣና የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንደነበረ ስነግረው "መምህሬ እሱን አልነገረችንም" አለኝ። ከየት ትነግረዋለች አባዬ፣ ይሄ እኮ የሚገኘው ያንተ ካርቶን ውስጥ ነው።

ሌላው ደሞ የግሸኑ። ይሄን በዚህ ሳምንት ነው ያወቅኩት፣ ለዛም ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ወንድሜን መዝገብህን ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሳህ ላክልኝ አልኩት። ስንት ዓመት ከደሴ ኮምቦልቻ በሰርቪስ እየተመላለስክ ስቶር ኪፐር ሆነህ ስለሰራህ ነው መሰለኝ መዝገቡ ልክ እንደ ፋብሪካው መዝገብ ነው፣ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የገባበት ቀን፣ ምርመራ፣ ሁሉም በማስመሪያ የተሰመረ። 187 ዕቃ አለ። አንዱ ጋ ስደርስ "ጧፍ፣ ግማሽ፣ ብዛት 1፣ መስከረም 22 ቀን 1993" ይላል። ጧፍ ከስፖርት ጋር ምን አገናኘው ብዬ ለእማዬ ደወልኩ። እሷ ነች የነገረችኝ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ነው፣ ደሴ በተሳላሚ የምትሞላበት ሰሞን፣ የዛን ቀን ጠዋት ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ማራቶኑን አሸነፈ። በነጋታው ከግሸን ሲመለሱ ቤታችን ለማረፍ የገቡ አንዲት እናት ነበሩ አለችኝ፣ ወሬ ያልሰሙ፣ አንተ ስትነግራቸው ቆመው እልል አሉና ከደብሩ የተረፋቸውን ጧፍ አውጥተው "ለልጁ ይሁንለት" ብለው ሰጡህ። ከዛ ጊዜ ጀምሮ ከገዛኸኝ ፎቶ ጋር በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለህ አስቀምጠኸዋል። አባዬ ያ ልጅ ካርቶኑን ቢወስደው መጀመሪያ የሚጥለው ጧፏን ነው። ጥፋቱም አይደለም፣ ስለማያውቅ ነው። እኔ ልጅህም አላወቅኩም ነበር።

ሀይሌማ እዛው ሲድኒ ላይ በ10 ሺ ሜትር፣ መስቀል ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው መስከረም 15፣ በ9 መቶኛ ሰከንድ ኬንያዊውን ቴርጋትን የቀደመበት፣ ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ፍልሰታ የገባች ቀን ነሐሴ 1 ማሸነፏ፣ እሱን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ጥር 13 ያልከውንም በቀን መቁጠሪያ አረጋግጫለሁ፣ ልክ ነህ፣ በ1954 ግብፅን 4 ለ2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ የወሰድነውም ጥር 13፣ ከውድድሩ 31 ዓመት ርቀን ተመልሰን በ2005 ከዛምቢያ ጋር በ10 ሰው 1 ለ1 የወጣነውም ጥር 13። አዳነ ግርማ ሲያገባ አንተ አረንጓዴዋን ማልያ ለብሰህ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ የጮህከው በእማዬ ስልክ እኔ ጋ ድረስ ተሰምቷል። ያቺ ማልያ ጥምቀት ሲያልፍ ትሰቀላለች፣ ሻርፑ ከጎኗ።

የረመዳኑን ግን ከሁሉ እወደዋለሁ። ምሩጽ ማርሽ ቀያሪው ሞስኮ ላይ በ1972 ሐምሌ ላይ የ10 ሺ ሜትሩን ሩጫ ሲያሸንፍና መሐመድ ከድር ሦስተኛ ሲወጣ ረመዳን ወር መሃል ነበር። ስለዚህ የእማዬ ወገኖች ለፍጥር ሲመጡ ሁለቱ ያሉበት ጋዜጣ ሳሎን ላይ ይሆናል፣ አጎቴም እያየ "ማሻ አላህ" ይላል፣ ቴምሩም ሾርባውም እዛው ስር ይቀርባል። እንዲህ አይነት ቤት ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም፣ ወሎ ካልሆነ።

ያ ጋዜጣ ላይ ያለው የጫማ ምልክትም አለ። በ2014 ጥቅምት ከደሴ ስትወጡ ልብስ ሳትይዝ መዝገቡን ጃኬትህ ውስጥ ከትተህ እንደወጣህ እማዬ እስከዛሬ እያነሳች ትቆጣለች። ስትመለሱ ክፍሉ ተከፍቶ ወረቀቱ ሁሉ መሬት ላይ ተበትኖ ነበር። አንድ በአንድ አንስተህ ከመዝገቡ ጋር አመሳከርክ። ምሩጽ ትከሻው ላይ የጫማ ሶል ምልክት አለበት፣ ዚግዛጉ ጥርት ብሎ ይታያል፣ እኔ በላጲስ ላጽዳው ስልህ "ተይው" አልከኝ። በ187ቱ ዕቃ ውስጥ ምርመራ የሚለው ረድፍ ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ እዛ ጋ፣ "ተረግጧል" ይላል። ሌላው ሁሉ ባዶ ነው።

እና የምለምንህ ይሄን ነው አባዬ። የምርመራውን ረድፍ ሙላልኝ። ማን እንደሰጠህ፣ የት እንዳገኘኸው፣ ሆጤ ሜዳ ዝናብ እየደበደበህ ያየኸው ጨዋታ ከሆነም እሱን። ዓይንህ እንደደከመ አውቃለሁ፣ አንተ አትጻፍ፣ ቡና ሲፈላ ለወንድሜ ልጅ እየነገርካት በስልኳ ትቅዳህ፣ በቀን ሁለትም ሦስትም ይበቃል። የገና ዱላህን እንዳትረሳት ደሞ። ከጥዱ አጠገብ ስታቆማት መብራቱ ያርፍባታል፣ ጫፏ ላይ ሩሩን የመታችበት የተፈነከተ ቦታ አለ፣ ግን የማን እግር ላይ ጭምር እንዳረፈች፣ ማን እንደቆረጠልህ፣ ከየትኛው እንጨት እንደሆነች አላውቅም። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብለህ ሁሌ ታልፈዋለህ።

ስለ ሻጋታው አብሽር፣ ተበላሸ ብለህ ተስፋ አትቁረጥ። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮው አፍስሶ የታችኛው ካርቶን እንደረጠበ ሰምቻለሁ፣ "ሸክም ብቻ ነው" ያልከውም ከዛ በኋላ መሆኑ ገብቶኛል። የድሮ ሰነድ የሚይዝ አንድ የማውቀው ሰው ጠይቄ ነበር። ፀሐይ ላይ አታስጡት ብሎኛል፣ ፀሐይ ጋዜጣን ያደርቀዋል ግን ቢጫ አድርጎ ያደቀዋል። ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ ባለበት፣ በንፁህ ነጭ ወረቀት መሃል እያደረጉ፣ ነጩ ሲረጥብ እየቀየሩ። የተቀደደውን በፕላስተር እንዳትለጥፈው፣ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወደ ቡኒ ተቀይሮ ፊደሉን ይበላዋል፣ ላሚኔትም አታስደርገው። ፌስታል ውስጥም አይቋጠር፣ የደሴ ጉም የገባበት ፌስታል እርጥበቱን ይዞ ያሻግተዋል። ካርቶኑን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ጣውላ ላይ፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ማልያዋን ደሞ እማዬ ስትተኩስ ጽሑፉ ላይ ካውያ እንዳታሳርፍ፣ ገልብጣ ትተኩስ።

ያንን የገና መብራት ግን በጣም እለምንሃለሁ ጣለው። ሽቦው ተልጦ በፕላስተር የተጠቀለለው። ጥጥና ደረቅ ጥድ ላይ ነው የሚሰቀለው፣ ወረቀቱ ሁሉ ያለበት ቤት ነው፣ ማከፋፈያውም ሲነካ ይሞቃል። አዲስ ገዝቻለሁ፣ ይዤልህ እመጣለሁ። ወንበር ላይ መውጣትም በቃ። አምና ለገና ተንሸራትተህ ጉልበትህን የመታህ ጊዜ እማዬ አልነገረችኝም፣ እኔም ብትነግረኝ እንደ ማክሰኞው "ተወው እንግዲህ" ነበር የምልህ መሰለኝ። አሁን አልልም። አንተ ቁጭ ብለህ "ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ" በል፣ ሚስማሩን እኛ እንመታለን።

ለካፌው ልጅም ክፉ መልስ አትስጠው፣ ወዶት ነው የመጣው። ፎቶዎቹን በደንብ አንስተን በትልቁ አሳትመን እንስጠው፣ ግድግዳው ያምርበታል፣ ዋናው ያንተው ይሁን። ካርቶኑ ሳሎኑን ካጣበበ የኔን የድሮ አልጋ አውጡትና እዛ ክፍል ይግባ፣ እኔ ስመጣ ከእማዬ ጋር እተኛለሁ።

ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ ሲያሸንፍ ደውለህ "ከገዛኸኝ ወዲህ 24 ዓመት ጠበቅኩ" ብለኸኝ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ጋዜጣውን ፈልገህ እንዳላገኘህም ነግረኸኝ ነበር። እዚህ አንድ ሰው ጋ አግኝቼዋለሁ፣ ሳላጥፈው በካርቶን መሃል አድርጌ አስቀምጬልሃለሁ። ተራ ቁጥር 188 ይሆናል፣ ምርመራውን እኔ እጽፋለሁ።

ጳጉሜ 3 ልጆቹን ይዤ በጠዋቱ አውቶብስ እነሳለሁ፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ እደውላለሁ፣ የሐረጎን ዳገት እስክንወጣ ቡናውን ታስቀምጥ በላት። የአበበን ፎቶ ጳጉሜ 5 ማታ ነው፣ እኛ ሳንደርስ እንዳታወጣው። ልጄ 11 ቁጥሩን ከአሁኑ ጽፎ ጨርሷል፣ ከሰል ስለሌለ በማርከር ነው የጻፈው።

እማዬን ሳምልኝ።

ልጅህ፣
ከአዲስ አበባ