የክረምቱ ውድድር በጭቃ እንዳይቋረጥ፦ ለደሴው የሰፈር ሜዳችን የድጋፍ ጥሪ

ለሰፈራችን ነዋሪዎች፣ በአዲስ አበባም በዓረብ አገርም ላላችሁ የደሴ ልጆች፦

ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው ሜዳችን የክረምት ውድድር ይጀመራል እንጂ አይጨረስም። አሥራ ስድስት ቡድን በአራት ምድብ ተከፍሎ ዋንጫው እስኪነሳ፣ የደረጃ ጨዋታውን ጨምሮ፣ 32 ጨዋታ ይፈልጋል። ተማሪው የሚያርፈው ግን ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ ነው። ሜዳው ሲበላሽ መጀመሪያ የሚሰረዘው የሴቶችና የታዳጊዎች ልምምድ ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝነናል።

ውሃው የሚመጣው ከሁለት በኩል ነው። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በቀጥታ ሜዳው ላይ ያርፋል፤ የዘነበውን ደግሞ ዋልካ አፈሩ ስለማያሰርገው ተኝቶ ይውላል። ጭቃው ላይ ገረጋንቲ መድፋት አይጠቅምም፤ በአንድ ክረምት ተረግጦ ይሰጥማል፣ በጋ ላይ ደግሞ የወደቀውን ልጅ ጉልበት ይልጣል። ስለዚህ ሥራው ከሥር ይጀመራል።

ሜዳው 90 በ50 ሜትር ነው። በላይኛው ጎን የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ይቆፈራል። ከዚያ በየ10 ሜትሩ ሜዳውን የሚያቋርጡ ዘጠኝ ቦዮች፣ ስፋታቸው 30፣ ጥልቀታቸው በአማካይ 60 ሳንቲ ሜትር ሆነው፣ በታችኛው ጎን ወዳለው የ90 ሜትር ሰብሳቢ ቦይ ይገባሉ። እያንዳንዱ ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 50 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ይህ በዓይን አይገመትም፤ በየ5 ሜትሩ በውሃ ልክ ካልተለካ መሃል ላይ ውሃ የሚቋጥር ጎድጓዳ ይፈጠርና ቱቦው በደለል ይደፈናል።

ቦዩ ውስጥ የተበሳሳ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ይተኛል፤ ቀዳዳው ወደ ታች ይሁን፣ ወደ ላይ ከዞረ አፈር ይገባበታል። ዙሪያውን እስከ 45 ሳንቲ ሜትር 02 ጠጠር፣ ከላዩ 15 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይሞላል። በጠቅላላው ባለ 6 ሜትር ቱቦ 90፣ ባለ 16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ ጠጠር 5፣ አሸዋ 3 ያስፈልጋል። ከአሸዋው ግማሹ ዋናው ጭቃ ወዳለበት ወደ ሁለቱ የግብ አፎች ይሄዳል።

ግቦቹም ይቀየራሉ። መሬት ላይ ብቻ የቆመ ግብ ሕፃን ሲንጠለጠልበት ወድቆ ይገድላል፤ በዚህ ነገር ቸልታ አይኖርም። ቋሚዎቹ 80 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት ገብተው በኮንክሪት ይታሰራሉ። ለሁለቱ ግቦች ባለ 4 ኢንች፣ 6 ሜትር ጋልቫናይዝድ ቧንቧ 6፣ ሲሚንቶ 3 ኩንታል፣ ሁለት መረብና ፀረ ዝገት ቀለም ይበቃል። አግዳሚው 7.32 ሜትር ስለሆነ መቀጠሉ አይቀርም፤ ብየዳው ወደ ቋሚው ተጠግቶ፣ ውስጡም ማጠናከሪያ ቧንቧ ገብቶለት ይሠራ። መሃል ላይ የተበየደ አግዳሚ ይጎብጣል።

ሣሩ አይገዛም። ሰርዶ ከየአጥሩ ሥር ተነቅሎ፣ ሰኔ ላይ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ይተከላል። እስኪይዝ ድረስ ግን ማንም አይጫወትበትም፤ የሚመጣው ክረምት ውድድር በሌላ ሜዳ እንዲሆን ቡድኖቹን ከወዲሁ እንጠይቃለን።

ቁፋሮው ከኅዳር እስከ ጥር ማለቅ አለበት። በልግ ከገባ በኋላ እርጥብ ዋልካ ሲቆፈር የቦዩ ግድግዳ በአካፋ ይለሰንና ውሃ አያስገባም። አንድ ሰው በቀን 4 ሜትር ቢቆፍር የዘጠኙ ቦዮችና የሰብሳቢው 540 ሜትር 135 የሰው ቀን ይፈጃል፤ 45 ሰው ሦስት እሑድ ጅጌ (ደቦ) ቢወጣ ያልቃል።

የዕቃ ዋጋ ስለሚዋዥቅ ከገንዘብ ይልቅ ዕቃውን ራሱን ብትሰጡን እንመርጣለን። ገንዘብ የሚቀናችሁ በኮሚቴው በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀሰው አካውንት አስገቡ፤ የእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ ሜዳው በር ላይ ይለጠፋል። ሁሉ ባይሞላ ቅድሚያ የሚሰጠው ለጎርፍ ማስቀየሻው፣ ለሰብሳቢው ቦይና ለግቦቹ ነው፤ የቀረው በሚቀጥለው በጋ ይቀጥላል። ቱቦ፣ የመኪና ጭነት፣ የብየዳ ሥራ ወይም የጉልበት ቀን የምትሰጡ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በየቅሬያችሁ (እድራችሁ) በኩል ተመዝገቡ። ዶማና አካፋ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ፤ ያለን ለ45 ሰው አይበቃም።