ለልጄ፦ ኩዋይዲ (ዕቃ አምጪው) ሲደውል ስልኩን አንሺው

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ እንቅልፍ ትተኛ እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላለች። እኔ ግን ባለፈው ያልሽኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኝ ነው። «የቻይንኛ ቋንቋ ፈተናውን፣ ኤችኤስኬ 4ን፣ አልፌ መምህሩ የሚለው አይገባኝም፤ ደደብ ሳልሆን አልቀርም» አልሽ።

ደደብስ አይደለሽም። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ባለ 6 እርከኑ ኤችኤስኬ አራተኛው ላይ የሚጠይቀው 1200 ቃላት ነው። ማለፊያው ደግሞ ከ300 ነጥብ 180። በዚያ ላይ የፈተናው ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ ቃል በቃል ይሰማል። የፊዚክስ መምህርሽ ግን ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ፣ እየሞነጫጨረ፣ ቻይናውያን ተማሪዎችን በለመደው ፍጥነት ነው የሚያወራው። አንድ የዝግጅት ዓመት ለዚህ አይበቃም።

መላው አሰልቺ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። ከክፍሉ በፊት ባለው ማታ የምዕራፉን ቃላት ብቻ አውጥተሽ በእጅሽ ጻፊያቸው። የሳይንስ ቃላት ከጥቂት ፊደላት ስለሚገጣጠሙ እነዚያው መልሰው መላልሰው ይመጣሉ። በእጅ ያልኩሽ አውቄ ነው። ስልክ ላይ በፒንዪን፣ ማለትም የቻይንኛውን ድምፅ በላቲን ፊደል፣ ስትጽፊ ፊደሉን ከተደረደሩት መርጠሽ ትነኪያለሽ እንጂ አታስታውሺውም። ቻይናውያኑ ራሳቸው ብዕር ሲይዙ ፊደል ይጠፋባቸዋል። «በእኛ ጊዜ» እያልኩ ላሰለችሽ አይደለም፤ ግን እኔ ቤጂንግ ስማር መዝገበ ቃላት ውስጥ አንድ ፊደል ለማግኘት ሥሩን መለየት፣ ጭረቱን አንድ በአንድ መቁጠር ነበረብኝ። ያበሳጭ ነበር። ያገኘሁት ግን አይረሳኝም።

ከክፍሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ኩዋይዲ ሲደውል ስልኩን ለጓደኛሽ እንደምታቀብዪ እየሳቅሽ ነግረሽኛል። ገብቶኛል፣ ስልክ ከሁሉም ይከብዳል። ቼንግዱ ላይ ደግሞ ጣጣው እጥፍ ነው። ክፍል ውስጥ ምላስሽን አጥፈሽ የለመድሽውን «ሽ» የከተማው ሰው «ስ» ብሎት ያልፋል። አራት «ስ»፣ አሥር «ሽ» ስለሆኑ ይምታቱብሻል። ገበያ ላይ ሻጯ ሁለት ጠቋሚ ጣቶቿን ካጠላለፈች አሥር ማለቷ ነው፣ ተገላገልሽ። በስልክ ግን ጣት የለም።

ሆኖም ልብ ብለሽ ብትሰሚው ዕቃ አምጪው የሚጠይቅሽ ነገር ያው ነው፦ ግቢ ውስጥ ነሽ ወይ፣ በየትኛው በር ልምጣ፣ ሣጥን ውስጥ ልተወው ወይ። የእነዚህን መልስ አጥኚና ስልኩን ራስሽ አንሺ። ካልገባሽ «ቀስ ብለህ ድገምልኝ» በዪው። ቢቸኩልም ይደግምልሻል፤ ዕቃውን ማስረከብ አለበት።

ቶኑ፣ የቃሉን ትርጉም የሚለየው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ፣ ይስትሻል፣ ይሳት። በአንድ ቃል አትመልሺ እንጂ። ብቻውን ሲጠራ ግራ የሚያጋባው ቃል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ይገባቸዋል። ዊቻት ላይ የድምፅ መልእክት ሲመጣልሽም ወደ ጽሑፍ ለመቀየር አትቸኩዪ። መጀመሪያ ደጋግመሽ ስሚው፣ ከዚያ ጽሑፉን አይተሽ ያመለጠሽን ፈልጊ። የትርጉም አፑን ሐኪም ቤት ስትሄጂ ተጠቀሚበት፤ እዚያ ማፈርም መሞከርም አያስፈልግም።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቃላት ስትጨርሺ ደብተርሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። በሚቀጥለው ስትደውዪ ትጠይቂኛለሽ። ግማሹን የምስት ይመስለኛል፤ ለእናትሽ እንዳትነግሪ።

አባትሽ