«የትኛው ገብርኤል?» ከመባሉ በፊት ካርታ ይኑረን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ከቤታችን ሁለት አጥር አልፎ ያለ ማዕድ ቤት ሲቃጠል ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ የደወልኩት እኔ ነበርኩ። ስልኩ ወዲያው ተነሣ። ጥሪውን የተቀበለችው ባለሙያ ረጋ ብላ ክፍለ ከተማውንና ወረዳውን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ልዩ ቦታውን ስትጠይቀኝ ግን በሰፈሩ ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩት ሰው ያገኘሁት መልስ «ከገብርኤል ወረድ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፍ እንዳሉ በስተግራ ባለው ኮብልስቶን» የሚል ብቻ ነበር። «የትኛው ገብርኤል?» አለችኝ። ወፍጮ ቤቱም ከተዘጋ ቆይቷል፤ ምልክት ብዬ የጠቀስኩት ነገር በእኛ በነባሮቹ ልብ ውስጥ እንጂ በመንገዱ ላይ አልነበረም። የጎረቤታችን ልጅ የስልኩን መብራት አብርቶ ወደ አስፋልቱ ወረደ፤ መኪናው ቅያሱን አልፎ ሲሄድ እያፏጨ ከኋላው ሮጦ መለሰው። ደግነቱ እሳቱ ማዕድ ቤቱንና የዋናውን ቤት ኮርኒስ ጥግ ብቻ ነክቶ ጠፋ፤ ሰው አልተጎዳም።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ባለሙያዋ መጠየቅ ያለባትን ጠይቃለች፣ ሠራተኞቹም ደርሰው ሥራቸውን ሠርተዋል። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ከስልኩ ጥሪ እስከ ውኃው መረጨት ካለፈው ጊዜ ብዙው የባከነው በርቀት ሳይሆን «የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ በመፈለግ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ለሙሉ ጊዜ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች የወጣው 1710 የተባለው የሙያ መለኪያ የመጀመሪያው መኪና ከጣቢያው ተነሥቶ በ240 ሰከንድ ውስጥ ከቦታው እንዲደርስ ያስቀምጣል። ይህ ቆጠራ የሚጀምረው መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው፤ ስልክ ላይ አድራሻ ለማወቅ የሚያልፈው ጊዜ በ240ው ውስጥ የለም። ስፖንጅ ፍራሽና ሶፋ በሞላበት ክፍል ደግሞ እሳት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ክፍሉን ሁሉ ያዳርሳል።

ስለዚህ የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ጥሪ በዲጂታል ካርታ ላይ እንዲመሠረት፣ ጥሪ ተቀባዩም የደዋዩን ግቢ፣ ወደ ግቢው የሚያስገባውን መንገድና በትክክል ቅርብ የሆነውን ጣቢያ በአንድ ስክሪን እንዲያይ እጠይቃለሁ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው መረጃ ከባዶ የሚነሣ አይደለም። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከወጣ ጀምሮ በካዳስተር ምዝገባ ይዞታዎች እየተለኩ፣ ወሰናቸው በካርታ ላይ እየሰፈረና መለያ ቁጥር እየተሰጣቸው ነው። ለባለይዞታው የማረጋገጫ ሰነድ የሆነው ይኸው ካርታ በእሳት አደጋው ስልክ 939 ለሚደውል ሰው ሕይወት አድን መረጃ ሊሆን ይችላል። የሚጠይቀው የይዞታ ምዝገባውና የእሳት አደጋው መሥሪያ ቤቶች መረጃውን እንዲጋሩ ማድረግ ነው፤ አንዱ ዘንድ በመዝገብ ያለው ነገር ሌላው ዘንድ በስልክ እየተጠየቀ እንደ አዲስ መፈለጉ አግባብ አይመስለኝም።

የቅርብ ጣቢያ የሚባለው ነገርም ካርታ ላይ ካልተሰላ ያሳስታል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በብዙ ቦታ መሬት ለመሬት በአጥር መካከል የሚያልፍ በመሆኑ፣ ከሐዲዱ ማዶ የሚታይ ቤት ለመኪና ግን ማቋረጫ እስኪገኝ ድረስ ዞሮ የሚደረስበት ነው። በቀለበት መንገዱም እንዲሁ አካፋዩን ዞሮ መመለስ ግድ ይላል። የቀበና ወንዝን ሸለቆ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ጎረቤቱ ማዶ ሆኖ እያየው ድልድይ ፍለጋ ምን ያህል እንደሚኬድ አይጠፋውም። በቀጥታ መስመር ሲለካ የሚቀርበው ጣቢያ በመንገድ ሲለካ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ለጠዋት ሁለት ሰዓትና ለእኩለ ሌሊትም መልሱ አንድ አይደለም። ይህን ስሌት የመንገድ መረጃ የተጫነበት ሶፍትዌር በቅጽበት ይሠራዋል፤ ሰው ግን የቱንም ያህል ከተማውን ቢያውቅ በጭንቀት ሰዓት በልቡ እንዲያሰላው ሊጠበቅ አይገባም።

ከአድራሻውና ከመንገዱ ሌላ ካርታው የመተላለፊያውን ባሕርይ መያዝ አለበት። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ለሰዓታት ሲነድ፣ የአካባቢው መተላለፊያ ጥበት ለእሳት አደጋ መኪኖች አስቸጋሪ መሆኑ በወቅቱ ተነግሯል። ሸማ ተራን ቦታው የት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ቁም ነገሩ ትልቁ ቦቴ በየትኛው በኩል ይገባል፣ የትኛው ላይ ይቀረቀራል፣ ቱቦ ከየት እስከ የት ይዘረጋል የሚለው ነው። በየመንደሩም ሌሊት የሚቆለፍ የብረት በር፣ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ አሸዋና ብሎኬት የተከመረበት ቅያስ አለ። የየመንገዱ ስፋት፣ የበሩ ቁልፍ ያለው ጥበቃ የቱ ጋ እንደሚያድር፣ ውኃ የሚቀዳበት ሃይድራንት የትኛው እንደሆነና ውኃ እንዳለው አስቀድሞ በእግር ተዞሮ ካልተመዘገበ፣ መኪናው ደርሶም ሥራ ላይሠራ ይችላል። እኔ ከሁሉ ይልቅ የምመዝነው ይህን ክፍል ነው፤ ሶፍትዌር ይገዛል፣ ይህ ግን በየወረዳው ሰፈሩን በሚያውቁ ሰዎች እግር ብቻ የሚሰበሰብ ነው። በየጊዜውም መታደስ አለበት፤ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳው መፍረስ ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ስንት መንገድና ስንት ምልክት እንደተለወጠ ሁላችንም አይተናል።

የቴሌኮም ድርጅቶቹም ድርሻ አላቸው። በሌሎች አገሮች ደዋዩ የአደጋ ጊዜ ቁጥር ሲደውል ስልኩ ራሱ ያለበትን ቦታ ለጥሪ ማዕከሉ የሚልክበት አሠራር አለ፤ በአንድሮይድ ስልኮች እ.ኤ.አ. ከ2016፣ በአይፎን ከ2018 ጀምሮ ተጭኗል። ቦታው የሚላከው ለአደጋ ጥሪው ብቻ ነው። ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽኑ ጋር ተነጋግረው ይህን ቢያስጀምሩ፣ በድንጋጤ አፉ ለተሳሰረ ሰው ስልኩ ይናገርለታል።

እስከዚያው እኛ በመንደራችን አንድ ነገር አድርገናል። እያንዳንዱ አባወራ ከስልኩ ካርታ ላይ የበሩን ኬክሮስና ኬንትሮስ አንብቦ በትልልቅ ቁጥር ጽፎ ከበሩ ጀርባ ለጥፏል። ከነጥቡ ቀጥሎ አራት አኃዝ ከተነበበ ስህተቱ ከአሥር ሜትር ብዙም አያልፍም፤ በመንደራችን የመጀመሪያዎቹ አኃዞች ለሁላችንም 9 እና 38 ስለሆኑ ልጆች ሳይቀሩ የቀረውን በቃላቸው ይዘውታል። ቁጥር መሆኑም ደግ ነው፤ ማንበብ የሚያስቸግራቸው እናቴ እንኳ በስልክ አንድ በአንድ ሊጠሩት ይችላሉ። የምጠይቀው እናቴ ያንን ቁጥር በጠሩ ጊዜ በሌላው ጫፍ ያለችው ባለሙያ የምታስገባበት ቦታ እንዲኖራት፣ ቅያሳችንም እስከነ ስፋቱ ከፊቷ እንዲታያት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ