ለአባቴ፣ ከቦርዶ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናሆም የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲስቅ ያስቃል። ታናሽየዋ ፎቶግራፍዎን እያየች «አያታችን ለምን ተቆጡ?» ትለኛለች። አልተቆጡም፣ ፎቶግራፍ ሲነሡ ልማዳቸው ነው አልኳት።

እዚህ ቦርዶ አካባቢ፣ በሜዶክ ቀዩ ወይን ተለቅሞ አልቋል። ጣፋጭ ወይን የሚጠመቅበት የሶተርን ነጩ ግን ገና ነው። ቀዝቃዛው የሲሮን ወንዝ ሞቅ ካለው ጋሮን ጋር ሲገናኝ ጠዋት ጠዋት ጉም ይነሣል፤ ፍሬው በጉሙ ይሻግታል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐዩ ውኃውን ያተንነውና ስኳሩ ይከማቻል። ለቃሚዎቹ የሻገተውን ብቻ እየመረጡ በአንዱ ማሳ ደጋግመው ይመላለሳሉ። በ1855 እ.ኤ.አ. ለቦርዶ ወይኖች ደረጃ ሲወጣ ከጣፋጮቹ ሁሉ በላይ ብቻውን የተቀመጠው ሻቶ ዲኬም የሚባለው የወይን እርሻ ከአንድ ግንድ አንድ ብርጭቆ ብቻ ያገኛል ይባላል። እርስዎ ሻጋታ ያየ ዳቦ ሲያስጥሉ ኖረው ልጅዎ በሻጋታ እንጀራዋን ትበላለች።

ለእንግዶች ሳስቀምስ ቀዩን አስቀድሜ ጣፋጩን በመጨረሻ እቀዳለሁ፤ ጣፋጩ ከቀደመ ቀዩ አፍ ላይ ይመርራል። ካበርኔ ሶቪኞን ከሚባለው የወይን ዘር የሚጠመቀው የፖያክ ቀይ ገና ሳይበስል ሲጠጣ ድድን ይይዛል፣ ምላስን ያደርቃል። ከልጣጩና ከዘሩ የሚወጣው ታኒን ከምራቅ ጋር ስለሚያያዝ ነው። የበግ ጥብስ ሲቀርብለት ግን ይለዝባል። ነጩ ማር ማር፣ ብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፤ ኮምጣጣነቱ ባይደግፈው ኖሮ ሽሮፕ በሆነ ነበር። ደግሞ ቀምሰን እንተፋዋለን። ቢያዩ ግፍ ነው ይሉ ነበር።

«ለጠጅ ቀጂነት ነው ኬሚስትሪ ያስተማርኩሽ?» ብለውኛል፣ በእህቴ ሠርግ፣ በዘመድ ሁሉ ፊት። ቤት ውስጥ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። የአክስቴን ብርጭቆ ተቀብዬ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ፤ ሰዎቹም ሳቁ። የምሠራው ኬሚስትሪ ነው ብዬ ለመመለስ አፌ አልታዘዘልኝም። ከጡረታዎ ቀንሰው እንዳስተማሩኝ አልረሳሁም። ያንን ቀንም አልረሳሁም።

ለነገሩ ስለ ወይን ልጽፍልዎ አልነበረም የተነሣሁት። በአንድ ሊትር ሶተርን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ120 ግራም በላይ ስኳር አለ። ይህን ለእንግዶች በተናገርኩ ቁጥር የእርስዎ እግር ይታየኛል። ወንድሜ ነግሮኛል፤ አይቆጡት። ቁስሉ እንዳልዳነ፣ ሐኪሙ ስለ ጣትዎ ያለውን፣ እርስዎም ፀበል ይበቃኛል ብለው መመለስዎን። ፀበሉን ማን ይከለክልዎታል? ግን እኔ ስደውል «ደህና ነኝ፣ ልጆቹስ?» እያሉ ስልኩን ያሳጥራሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ባዶ እግርዎን አይሁኑ፣ ነጭ ካልሲ ያድርጉ፤ ቁስሉ ካዠ ወዲያው ይታያል። ኢንሱሊኑንስ መብራት ሲጠፋ የት ያስቀምጡታል?

አባዬ፣ ጣቱ ይቆረጥ። ለመጻፍ ስፈራው የሰነበትኩት ይህንን ነው። ጣቱን ሲጠብቁ እግርዎን እንዳያጡ እፈራለሁ፤ ከዚያም የባሰውን እፈራለሁ።

ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ ከተባለ፣ ወንድሜ ስለ ጠዋቱ ኢንሱሊን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። እሺ ካሉ በእሱ በኩል አንድ ቃል ይላኩብኝ። እምቢ ካሉ ግን ለቀማው እስኪያልቅ አልጠብቅም፤ መጥቼ እጨቃጨቅዎታለሁ።

ልጅዎ