የትምህርት ቤታችን የሥነ ምግብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የአባላት ምዝገባው፣ የሥራ አስፈጻሚ ምርጫውና በሰልፍ ላይ የሚቀርበው የጤና መልእክት እንደ ወትሮው ተካሂዷል፤ በእሱ ገጽ አልሞላም። «ይኼ ክበብ ስለ ምግብ ከማውራት በቀር ምን ይሠራል?» ለሚሉን ግን ዘንድሮ በቂ መልስ አለን።

ያተኮርነው በአረጋውያን የአትክልትና ፍራፍሬ አመጋገብ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም እንዲመገብ ይመክራል። ልጆቹ ከላብራቶሪ በተዋስነው ሚዛን ሲመዝኑ፣ አንድ ብርቱካን፣ አንድ ሙዝ፣ አንድ ቲማቲምና አንድ ካሮት እዚያው ገደማ ደረሰ። ድንች ከዚህ አይቆጠርም መባሉ ብዙ አከራከረ፤ በብርዳማዋ ደሴ የብዙ ቤት ቀለብ ነውና።

ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ አያቶቹንና ጎረቤቶቹን ስለ ማዕዳቸው ጠየቀ። ብርቱካን በብዙዎች ዘንድ ለታመመ ሰው የሚያዝ መጠየቂያ ነው። ስኳር ያለባቸው ፍራፍሬን ጨርሶ ይፈራሉ፤ ጭማቂው ነው እንጂ ፍሬው በመጠኑ ቢበላ አይከለከልም። ጥርስ የከዳቸው ካሮት አይሞክሩም። ጎመኑም ቀለሙ እስኪጠፋ ተቀቅሎ ውሃው ይደፋል፤ ቫይታሚን ሲውም አብሮ ይሄዳል።

አንድ ቅዳሜ ከሰኞ ገበያ ፓፓያና ብርቱካን ገዝተን መናፈሻ አካባቢ አረጋውያንን ጠየቅን። አንዲት እናት የሰጠናቸውን ብርቱካን ቀስ ብለው ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉት፤ ለልጅ ልጆቻቸው ነው። ማናችንም አላስተዋልንም፣ ከአንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ በቀር። ምንም ሳትናገር ከዘንቢሉ ሁለት ብርቱካን ጨምራ አጠገባቸው አስቀመጠችና «እማማ፣ ይኼ የልጆቹ ነው፤ ይኼን ደግሞ እርስዎ ይበሉልኝ» ብላ ፓፓያውን ልጣ፣ ፍሬውን ጠርጋ፣ በማንኪያ እየቆረሰች አቀረበችላቸው። እሳቸውም «አንችስ በላሽ ወይ?» ብለው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሷ ሰጧት። ሃያ ደቂቃ የፈጀ ነገር ነው፤ እኔ ግን በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ የቡድን ሥራ አላየሁም።

የግቢያችን ቲማቲም በታኅሣሥ ውርጭ ተቃጥሏል፤ ቆስጣው ግን ተርፎ ለጥየቃው ደርሷል። ለክበቡ የተመደበው ገንዘብ አንድ ማጠጫ ጎማ አይገዛም። የዚያ ቅዳሜ ወጪ የወጣው ከመምህራን ኪስ ነው፤ ይህ በየዓመቱ ሊቀጥል አይችልም።

ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎቻችን አንድ ሮቶ፣ አንድ የኩሽና ሚዛንና የአትክልት ዘር እንድትረዱን እንጠይቃለን። ልጆቹ በመስከረም ተመልሰው እንደሚጠይቋቸው ለአረጋውያኑ ነግረዋል። ሮቶው ከሐምሌ በፊት ቢገኝ የክረምቱን የጣሪያ ውሃ እናጠራቅምበታለን።